ለአዲስ ጥይት የታሰበ አሮጌ የጦር ጠመንጃ እንዴት ይመረመራል

ዋይልድካት የሚባለው ፋብሪካ የማያመርተው ጥይት ነው። የነባር ጥይት ቀልሃ አንገቱ ይጠብና ወይም ይሰፋና፣ ትከሻው ወደ ፊት ይገፋና ሌላ መጠን ያለው አረር እንዲይዝ ይደረጋል። ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከጥይቱ ንድፍ ነው። መቅደም ያለበት ግን መቀርቀሪያው የሚመላለስበትና ጥርሶቹ የሚቆለፉበት የብረት አካል ነው፤ ግፊቱን የሚሸከመው እሱ ነውና። ከዚህ በታች ያለው ምርመራ አዲስ አፈሙዝ ከመታዘዙ በፊት ይደረጋል። ጥይቱ የሚቀመጥበትን ማረፊያ ክፍል መቦርቦርና ባሩድ መመጠን ፈቃድ ያለው የጠመንጃ ባለሙያ ሥራ በመሆኑ እዚህ አልተካተተም።

መቀርቀሪያውን ያውጡ፤ ማረፊያ ክፍሉና መጋዘኑ ባዶ መሆናቸውን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ ለክምችት ጊዜ የተቀባውን ወፍራም ቅባት በማሟሟያ ያጥቡ። በቅባት የተሸፈነ ብረት ስንጥቅን ይደብቃል።

ማንነቱን ይለዩ

ሁሉም ሞዘር (የጀርመን ንድፍ የሆነው የጦር ጠመንጃ) አንድ አይደለም። የ1898ቱ ሞዴል ሁለት የፊት መቆለፊያ ጥርሶች ሲኖሩት ከኋላ ደግሞ ለመጠባበቂያ ሦስተኛ ጥርስ አለው። መቀርቀሪያው ላይ የጋዝ መውጫ ቀዳዳዎች፣ ከኋላው ደግሞ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ የሚመልስ ሰፊ ክንፍ አሉ። የ1893፣ የ1895ና የ1896 ሞዴሎች ሦስተኛው ጥርስ የላቸውም፤ ጋዝ የማምለጫቸው መንገድም ደካማ ነው። በእጅ ለመለየት ቀላሉ ምልክት ይህ ነው፦ 98ቱ መቀርቀሪያው ሲከፈት የመተኮሻውን መርፌ ይወጥራል፣ ቀደምቶቹ ሲዘጋ። ቀልሃ ሲቀደድ ዓይንን የሚያድነው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የጋዙ መውጫም ስለሆነ፣ በቀደምቶቹ ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጥይት ማሰብ አይገባም።

የአሜሪካው የ1903 ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ከሆነ የመለያ ቁጥሩን ያንብቡ። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ ደግሞ ከ285,507 በታች ቁጥር ያላቸው አካሎች ሲቀጠቀጡ ሙቀታቸው የሚገመተው በብረቱ ቀለም፣ በሠራተኛው ዓይን ነበር። ከመጠን በላይ የጋለው ብረት ተሰባሪ ሆኖ ቀረ፤ ሲሰበርም ሳይለጠጥ እንደ ሸክላ ይፈረካከሳል። እነዚህ ለግድግዳ ጌጥ ይሁኑ። የጃፓን አሪሳካ በጥንካሬው የታወቀ ቢሆንም ለልምምድ ብቻ የተሠሩና እውነተኛ ጥይት የማይችሉ አምሳያዎች አሉት፤ አፈሙዛቸው ውስጡ ልሙጥ፣ ጠመዝማዛ መስመር የሌለው ነው።

በኤዲስቶን ፋብሪካ በተሠራው የአሜሪካው የ1917 ሞዴል ላይ ደግሞ አፈሙዙ እጅግ ጠብቆ የተበየደ ያህል ስለሚይዝ፣ በጉልበት ሲፈታ አካሉን የሚሰነጥቅበት ጊዜ አለ። ባለሙያ አስቀድሞ ከአካሉ ፊት ለፊት አፈሙዙ ላይ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ መስመር በመዘውር ይቆርጥና ውጥረቱን ያረግባል፣ ከዚያ ይፈታል።

ጥርሶችና መቀመጫቸው

የምርመራው ዋና ክፍል ይህ ነው። የብዙ ሞዘር አካል ውስጡ ለስላሳ፣ ላዩ ብቻ በካርቦን የጠነከረ ብረት ነው። ላዩ ስስ ከሆነ ወይም ቀድሞ ከተፋቀ ጥርሶቹ በየተኩሱ መቀመጫቸውን እየደቆሱ ወደ ኋላ ይሰምጣሉ። መቀመጫውን ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ዘንግ ይዳስሱ፤ ደረጃ መሰል ጉድጓድ ከተሰማ አካሉ አልቋል። መቀርቀሪያው ሲነሣ መጀመሪያ ላይ የሚያስቸግር ከሆነም ጥርሱ ከጉድጓዱ እየወጣ ይሆናል።

ቀጥሎ የጥርሶቹን ጀርባ በማርከር ያቅልሙ። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ እየገፉ አሥር ጊዜ ያህል ይክፈቱና ይዝጉ። ቀለሙ ከሁለቱም ጥርስ መፋቅ አለበት። ከአንዱ ብቻ ከተፋቀ ጭነቱን የሚሸከመው አንዱ ነው። በአሸዋማ ቅባት እያሹ ማስተካከል ይቻላል የሚል ምክር ይሰማል፤ በጥቂቱ ይሠራል፣ ከበዛ ግን ያንን ስስ ጠንካራ ሽፋን ይበላና የሸሹትን መስመጥ ይጠራል።

ለስንጥቅ በቀይ ቀለም የሚሠራ መመርመሪያ ይጠቀሙ፤ በሦስት ጣሳ ይሸጣል፦ ማጽጃ፣ ቀለም፣ ነጭ ማውጫ። ቀለሙን ቀብተው በጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይጥረጉ፣ ነጩን ይርጩ። ቀይ ክር ከታየ ስንጥቅ ነው። በተለይ የጥርሶቹን ሥር፣ የፊት ቀለበቱን፣ ለመነጽር የተበሱ ቀዳዳዎችን ዙሪያ ይመልከቱ።

የክፍተት ልኬት

ክፍተት የሚባለው በተዘጋ መቀርቀሪያ ፊትና ጥይቱ በሚደገፍበት የማረፊያ ክፍሉ ትከሻ መካከል ያለው ርቀት ነው። ቀልሃ ሳቢውንና መርፌውን ያውልቁ፤ መለኪያው በጣት ግፊት ብቻ መግባት አለበት። 30-06 ለሚባለው የአሜሪካ ጥይት መቀርቀሪያው ሊዘጋበት የሚገባው መለኪያ 49.28 ሚሊሜትር፣ ሊዘጋበት የማይገባው የመጨረሻው ወሰን መለኪያ 49.53 ነው። መቀርቀሪያው በመጨረሻው ላይ ከተዘጋ ምክንያቱ ይጣራ። አዲስ አፈሙዝ ቁጥሩን ያስተካክላል፤ ጥርስ የሰመጠበትን ለስላሳ ብረት ግን አያጠነክርም፣ ክፍተቱም እንደገና ያድጋል። ትከሻው ለተቀየረ ጥይት የፋብሪካ መለኪያ አይሠራም፤ ከመቦርቦሪያው ጋር አብሮ የተሠራ ያስፈልጋል።

ጥይቱን ከአካሉ ጋር ማመጣጠን

ምርመራውን ያለፈ አካል ከተሠራለት ጥይት አይራቅ። በአውሮፓው ሲአይፒ (የጠመንጃና የጥይት ፍተሻ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ደንብ የ8×57 አይኤስ ከፍተኛ ግፊት 3900 ባር፣ የ6.5×55 3800፣ የ30-06 4050፣ የ270 ዊንቸስተር 4300 ነው። ስለዚህ ለ6.5×55 በተሠራው የ1896 ስዊድናዊ ሞዘር አካል ላይ በ270 ደረጃ የሚሠራ ዋይልድካት ማቀድ ስህተት ነው። የቀልሃው ስፋትም ይቆጠራል፦ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል በግርጌው ዲያሜትር ካሬ ልክ ያድጋል። 11.9 ሚሊሜትር የነበረው ግርጌ 13 ሲሆን፣ ግፊቱ ሳይጨምር ጥርሶቹ ላይ የሚያርፈው ጭነት በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያን ትልቅ ቀልሃ ለማስገባት የሚቆረጠው የማቀበያ ተዳፋትም የታችኛውን ጥርስ ድጋፍ ያሳሳል። የ30-06ን ወይም የ8×57ን ግርጌ የሚጠቀም ንድፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ሥራው ሲያልቅ ሲአይፒ በሚሠራባቸው አገሮች ጠመንጃው ወደ መፈተኛ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ከወሰኑ 25 በመቶ በላይ በሆነ ግፊት ይተኮሳል። ከፈተናው በኋላ ልኬቱን ይድገሙ። መለኪያው ከቀድሞው ይልቅ ከላላ፣ የመቀመጫው ደረጃም በዘንጉ ከተሰማ፣ አካሉ ከአገልግሎት ይወጣል።