ወደ ኢንቨሪ ስትሄዱ መጀመሪያ ጀልባውን አረጋግጡ

ዩኬ ያላችሁ፣ ስኮትላንድን ለማየት ካሰባችሁ ይህችን ልንገራችሁ። ኖይዳርት በሚባል ባሕረ ገብ መሬት ላይ ኢንቨሪ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። ከተቀረው አገር ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም። ወይ ከማሌግ ወደብ በጀልባ፣ ወይ ተራራ አቋርጦ በእግር ነው። የእግሩ መንገድ ለብዙ ሰው ሁለት ቀን ይፈጃል።

ስለዚህ ማደሪያ ከመያዛችሁ በፊት የጀልባውን የመሄጃና የመመለሻ ሰዓት አጣሩ፣ ቦታም ያዙ። ከግላስጎው የተነሳው ባቡር ዘግይቶ ጀልባው ቢያመልጣችሁ ታክሲ አያደርሳችሁም። አየሩ ሲከፋ ጀልባው ሊቀር ስለሚችል፣ የምትመለሱበትን ቀን ከበረራችሁ ጋር አታጣብቁት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሆነ ደግሞ የነፍሳት መከላከያ የግድ ነው። ሚጅ የምትባለው ደቃቅ ተናካሽ ትንኝ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት ፋታ አትሰጥም።

ነዋሪው መቶ ገደማ ቢሆን ነው። ግን ጉልበታቸው ይገርማል! በ1999 እ.ኤ.አ. ከአጋሮች ጋር ሆነው መሬቱን ገዙ። መብራታቸው ከራሳቸው የውኃ ኃይል ነው። በ2022 ደግሞ የመንደሩን መጠጥ ቤት ተባብረው ገዙት። ሻይም ምሳም እዚያው ግዙ። ቆሻሻችሁን ግን ይዛችሁ ተመለሱ።