ትንንሽ ኢንዳክቲቭ ሴንሰሮች ሲያስቸግሩ፦ ምልክት፣ ምክንያት፣ መፍትሄ

ኢንዳክቲቭ ሴንሰር ማለት ብረት ሲጠጋው ሳይነካው አይቶ ሲግናል የሚሰጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ትንንሾቹ፣ ማለትም ስለ 3 ሚሊሜትር፣ ኤም4፣ ኤም5 (ባለ 4 እና ባለ 5 ሚሊሜትር ጥርስ) እና 6.5 ሚሊሜትር ሴንሰሮች ነው። ግሪፐር (ዕቃ የሚይዝ የማሽን እጅ) ውስጥ፣ ትንሽ ስላይድ (ተንሸራታች ክፍል) ጎን፣ እጅ በማይገባበት ጥግ የሚቀበሩት ማለት ነው። 24 ቮልት መድረሱን፣ ፊውዙ ደህና መሆኑን፣ ሽቦዎቹ በቦታቸው መግባታቸውን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «ሞቷል» ተብለው ከሚመጡልኝ ትንንሽ ሴንሰሮች ብዙዎቹ ውስጣቸው ደህና ነው። የተበላሸው ገመዳቸው ነው። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ።

ብረቱ ፊቱ ቆሞ ሴንሰሩ አያየውም

ካታሎጉ የማየት ርቀቱ 1 ሚሊሜትር ነው ካለ 1 ሚሊሜትር ላይ አትግጠሙት። አስተማማኙ ርቀት የተጻፈው 81 በመቶ ነው፤ 0.8 ሚሊሜትር አካባቢ ማለት ነው። እሱም የተለካው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ተራ የብረት ላሜራ ነው። የሚታየው ዕቃ ስቴንለስ ከሆነ በ0.7 ገደማ አባዙት። አሉሚኒየም ከሆነ በ0.4 ገደማ። መዳብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ አሉሚኒየም እንዲያይ የተገጠመ የ1 ሚሊሜትር ሴንሰር በእርግጠኝነት የሚያየው 0.3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ሳያሰሉ ገጥመው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው።

መላው ቀላል ነው። አሉሚኒየሙ ላይ ትንሽ የብረት ብሎን አስገቡና ሴንሰሩ የብሎኑን ጭንቅላት ይይ። ጭንቅላቱ ከሴንሰሩ ፊት ማነስ የለበትም። ክፍተቱን ስታስተካክሉ የብረት ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ላሜራ) እንደገባ የሴንሰሩን መብራት አይታችሁ አትፍረዱ። ሴንሰሩ ጌጁንም ያየዋል። የፕላስቲክ ተጠቀሙ።

ሁልጊዜ እንደበራ ይቀራል

መጀመሪያ ፊቱን ጥረጉ። የብረት ፍቅፋቂ ተለጥፎበት ይሆናል። ካልሆነ አገጣጠሙን እዩ። ከብረቱ ጋር እኩል የሚገጠም ዓይነት አለ፤ ፊቱ ወጣ ብሎ መቀመጥ ያለበት ዓይነትም አለ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ውስጥ ከቀበራችሁት የራሱን ቀዳዳ ግድግዳ ያያል። ጥበት ባለበት ቦታ ይህ ስህተት የሚመጣው ረጅም ርቀት ፍለጋ ነው፤ ወጣ ብሎ የሚገጠመው ራቅ አድርጎ ስለሚያይ ሰው ይመርጠዋል።

ብረቱ ሲመጣ በርቶ ሲሄድ የማይጠፋ ከሆነ ብረቱ በቂ ርቀት እየሸሸ አይደለም። ሴንሰሩ የሚጠፋበት ነጥብ ከሚበራበት ነጥብ እስከ 20 በመቶ ሊርቅ ይችላል። እንቅስቃሴው በጣም አጭር ከሆነ ክፍተቱን ትንሽ አስፉት።

ሁለት ሴንሰሮች ጎን ለጎን ተጣብቀው እርስ በርስ ከተረበሹ አራርቋቸው። እኩል ለሚገጠሙት በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱ ስፋት ያህል ቦታ ተዉ። ወጣ ብለው ለሚገጠሙት ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ፊቱ ተጨፍልቋል

ሴንሰር ማቆሚያ አይደለም! ክፍተቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ሲሊንደሩ ትንሽ ሲላላ ብረቱ ፊቱን ይመታዋል። ከተቻለ ብረቱ በጎን አልፎት ይሂድ። ፊት ለፊት መምጣት ካለበት ከሴንሰሩ በፊት የሚያስቆም እውነተኛ ማቆሚያ አድርጉ። የተጨፈለቀውን «አሁንም ይበራል» ብላችሁ መልሳችሁ አትግጠሙ። ስንጥቁ ዘይትና ውሃ ያስገባል፤ አይፒ67 (አቧራና ውሃ አያስገባም) የሚለው ጽሑፍ ከዚያ ወዲያ ዋጋ የለውም።

አንዴ ይሰራል፣ አንዴ አይሰራም

ዋናው ይሄ ነው። ማሽኑ ይቆማል። ኦፕሬተሩ ሪሴት ይጫናል፣ ማሽኑ ይሄዳል። ቆይቶ እንደገና ይቆማል። ጠጋኙ ሲደርስ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ፊቱ ላይ ብረት ሲያስጠጋ መብራቷ ትበራለች። «ሴንሰሩ ደህና ነው፣ ፕሮግራሙን እዩ» ብሎ ይሄዳል።

ምክንያቱ ገመዱ ከሴንሰሩ የሚወጣበት ጉሮሮ ነው። እዚያ ላይ አንዱ ሽቦ ተበጥሷል። በእነዚህ ትንንሾች ላይ ገመዱን ከመታጠፍ የሚከላከል ጎማ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ገመዱ ከሙጫው በቀጥታ ይወጣል። ሙጫው የያዘው ክፍል ንቅንቅ አይልም፤ ከሙጫው የወጣው ይታጠፋል። ጫናው በሙሉ የሚያርፈው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.1 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ናቸው። ልባሱ ሳይቀደድ ሽቦው ይበጠሳል፤ በዓይን የማይታየውም ለዚህ ነው። የተበጠሱት ጫፎች ሲገጥሙ ይሰራል፣ ክንዱ ሲዘረጋ ይላቀቃሉ።

ሰው የሚሳሳተው በመብራቷ ነው። ሲግናሉን የሚወስደው ጥቁሩ ሽቦ ነው። እሱ ብቻ ሲበጠስ ሴንሰሩ በቡናማውና በሰማያዊው ኃይል ያገኛል፣ ብረቱን ያያል፣ መብራቷም ትበራለች። ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) ግን ምንም አይደርሰውም። ቡናማው ከተበጠሰ መብራቷም ትጠፋለች። መብራት በርቶ ኢንፑት (ወደ ፒኤልሲው የሚገባው ሲግናል) ከጠፋ የኢንፑት ካርዱን ከመፍታታችሁ በፊት ጉሮሮውን ጠርጥሩ።

አንድ ማሸጊያ መስመር ላይ ይህ ሳይታሰብ የኢንፑት ካርዱ ተቀየረ። ችግሩ ቀጠለ። ከዚያ ፕሮግራሙ ላይ ታይመር ተጨመረ፦ «ግሪፐሩ ክፍት ነው» የሚለው ሲግናል ቢጠፋም ለግማሽ ሰከንድ እንዳለ ይቆጠር ተባለ። መቆሙ ቀረ። ሁሉም ደስ አለው። አንድ ቀን ግን ግሪፐሩ ተዘግቶ ሳለ ያቺ ግማሽ ሰከንድ አላለቀችም ነበር። ማሽኑ ገና ክፍት መስሎት ስላይዱን ለቀቀ፣ የግሪፐሩ ጣትም ታጠፈ። እባካችሁ የተበጠሰ ሽቦን በታይመር አትሸፍኑ። ማሽኑ አየሁ ያላለውን እንዳየ አድርጎ መቁጠር ነው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ማሽኑ የሚቆመው ጠዋት ጠዋት፣ በብርዱ ሰዓት ብቻ ነበር። የፒቪሲ ገመድ ሲቀዘቅዝ ይገተራል፤ የተበጠሰውን ጫፍ ስቦ ይለያያል። ማሽኑ ሲሞቅ ገመዱ ይለሰልሳል፣ ጫፎቹም ይገጥማሉ። ጥፋተኛ ተብሎ የከረመው የአየር ግፊቱ ነበር።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። የማሽኑን አየር ልቀቁ፣ እንቅስቃሴውን ቆልፉ። የሴንሰሩ 24 ቮልት ብቻ ይቆይ። ፊቱ ላይ ትንሽ ብረት በፕላስተር ለጥፉ፤ ሁልጊዜ በርቶ ይቆይ። ከዚያ ተርሚናሉ ላይ በሰማያዊውና በጥቁሩ መካከል ቮልቴጁን ለኩ። ፒኤንፒ (ሲበራ በጥቁሩ ሽቦ ፕላስ የሚያወጣ ዓይነት) ከሆነ ከ24 ብዙም ያልራቀ፣ 22 አካባቢም ቢሆን ደህና ነው። አሁን ገመዱን ጉሮሮው ላይ በቀስታ ወዲህ ወዲያ አጥፉት። አትጎትቱ፤ ደህናውንም ትበጥሱታላችሁ። ቮልቴጁ ከዘለለ አገኛችሁት።

ቴስተሩ ሁልጊዜ አይደርስበትም። የጥቂት ሚሊሰከንድ መቆራረጥ ስክሪኑ ላይ አይታይም። ያኔ ፒኤልሲው ላይ ሲግናሉ ለቅጽበት ሲጠፋ ቆልፎ የሚይዝ ቢት ጻፉ፣ ብረቱ እንደተለጠፈ ገመዱን አንቀሳቅሱ። ቢቱ ከተያዘ ክርክር የለም። በቢፕ ድምፅ መፈተሽን ግን እርሱት። ሽቦዎቹ የሚያልቁት ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ስለሆነ ቢፑ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ጥገናው መቀየር ነው። ጉሮሮው ላይ በሊድ መበየድ አይቻልም፤ የሚያዝ ሽቦ የለም። ዝም ብሎ መቀየር ግን አዲሱንም መግደል ነው። አዲሱ ሲገጠም አብዛኛው ሰው ሁለት ጥፋት ያጠፋል።

አንደኛው መጠምዘዝ ነው። ኤም4 ወይም ኤም5 ሴንሰር ጥርስ ስላለው እየዞረ ነው የሚገባው። የገመዱ ሌላ ጫፍ ከታሰረ ዙሩ ሁሉ ጉሮሮው ላይ ይጠመዘዛል። ሴንሰሩ ገና ሥራ ሳይጀምር ተጎድቷል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ገመዱን ከማሰሪያው ፍቱ፣ አብሮ ይዙር። የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የገመድ ማሰሪያ ነው። ገመዱ እንዳይወዛወዝ ተብሎ ማሰሪያው ልክ ጉሮሮው ሥር በፒንሳ ተጠርቆ ይታሰራል። ይህን ያደረገ ሰው መታጠፊያውን ከጉሮሮ ወደ ማሰሪያው ጠርዝ ነው ያዛወረው። እዚያው ይበጠሳል።

ትክክለኛው ይህ ነው። ሴንሰሩ የተቀመጠበት ክፍል ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የገመዱ የመጀመሪያ ማሰሪያ እዚያው ክፍል ላይ፣ ከጉሮሮው ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ይሁን። ሴንሰሩና የገመዱ መጀመሪያ አብረው ይሄዳሉ፤ ጉሮሮው አይታጠፍም። መታጠፉ ከማሰሪያው በኋላ በሰፊ ቀለበት ይሁን። ለሚንቀሳቀስ ገመድ የቀለበቱ ራዲየስ የገመዱን ውፍረት 10 እጥፍ ያህል ይሁን፤ 2.5 ሚሊሜትር ገመድ 25 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ማሰሪያው ገመዱ በጣት ሲሳብ ትንሽ እስኪንሸራተት ድረስ ላላ ይበል። ትርፍ ገመዱን አጣጥፋችሁ ጥግ ውስጥ አትወትፉት።

ጅራቱ አጭር ሆኖ ኤም8 ሶኬት ያለውን ሴንሰር ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ሶኬቱን ከሴንሰሩ ጋር አንድ ክፍል ላይ እሰሩት። ሲንቀሳቀስ የሚያረጀው ማራዘሚያው ይሆናል፤ ያንን መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥቂት ሌሎች

ዳዶውን ስታጠብቁ አትጨክኑ። የኤም5 ግድግዳ ስስ ነው፤ 1 ኒውተን ሜትር አካባቢ የሚበቃቸው አሉ። የአምራቹን ቁጥር እዩ።

ብየዳ አጠገብ ያለምክንያት የሚበራ ከሆነ መግነጢሳዊ መስክ የሚቋቋም ዓይነት ያስፈልጋል።

ባለሁለት ሽቦ ሴንሰር ሲጠፋም ትንሽ ከረንት ያሳልፋል። ኢንፑቱ የማይጠፋ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ።

ቀይራችሁ ምንም ሲግናል ከሌለ ወይም ሁሉም የተገላቢጦሽ ከሆነ የመጣላችሁ ኤንፒኤን (ሲበራ በጥቁሩ ሽቦ ማይነስ የሚያወጣ) ነው፣ አለዚያም ብረት ሲያይ የሚጠፋው ዓይነት ነው። ስታዝዙ ስፋቱን፣ ርቀቱን፣ አገጣጠሙን፣ ፒኤንፒ መሆኑንና ብረት ሲያይ የሚበራ መሆኑን ጻፉ። ገመዱም በዘይት የማይደርቅ፣ ለሚንቀሳቀስ ቦታ የተሠራ ፖሊዩሪቴን ይሁን በሉ። ይህን ካልጻፋችሁ የሚመጣላችሁ ርካሹ ፒቪሲ ነው።