ገደሉ ለወፍ ሲዘጋ፣ ወሬው ወደ እግዜር ሲዞር

ገደል ለመውጣት ገመድህን ከመሸከፍህ በፊት ገደሉ ክፍት መሆኑን አጣራ፤ ወፍ እንቁላል ጥላበት መውጫ መስመሩ ተዘግቶ ይሆናል። ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት ጎጆ አይሠራም፤ የገደሉን ጠርዝ ጫር ጫር አድርጎ እንቁላሉን እዚያው ይጥላል፣ ስለዚህ «የታል ጎጆው?» ማለት አያዋጣም። እንቁላሉ ለመፈልፈል 33 ቀን ገደማ፣ ጫጩቱ ለመብረር ደግሞ 6 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ክፍት በተባለ መስመር ላይ ሆነህም ወፏ እየጮኸች ከዞረችብህ፣ ውረድ። እሷ ስትነሳ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

አሁን ደግሞ ገደል ለወፍ ሲዘጋ የሚነሳው ክርክር። አንዱ «እግዜር ምድርን ለሰው ሰጠ» ይላል፣ ሌላው «ጠብቃት ብሎ ነው የሰጠህ» ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሃይማኖት ከወፍ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ይበሽቃል። ገመድ ይዘህ ግን አትከራከር፤ ጓደኛህ ተንጠልጥሏል እኮ!

መሬት ስትወርዱ ዴቭልስ ታወርን ለምሳሌ አንሳ። ዋዮሚንግ ያለው ይህ ዓለት ለብዙ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ነው። በአውሮፓውያኑ ከ1995 ጀምሮ በየጁን ወሩ ዓለት የሚወጡ ሰዎች መውጣቱን በፈቃዳቸው እንዲተዉት ይጠየቃሉ። እዚያው ለጭልፊት የሚዘጉት መስመሮች ግን ልመና አይደሉም፣ ግዴታ ናቸው። ለኔ የመጀመሪያው ይከብዳል፤ ማንም ሳያስገድድህ መተው ነዋ።

ጫጩቶቹ ቀድመው ከበረሩ መዝጊያው ቶሎ ሊነሳ ስለሚችል፣ ቀኑን ደግመህ እይ።