ብርጭቆው ነጭ ነጭ ካለ፦ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ጨው ችግርና መፍትሄ

ብርጭቆ ከማሽኑ ሲወጣ ነጭ ከሆነ ወዲያው ጨው ለመጨመር አትሩጡ። መጀመሪያ አቼቶ ጠብ አድርጉበትና ትንሽ ቆይታችሁ እሹት። ከለቀቀ ኖራ ነው፣ ውሃው አልለሰለሰም፤ ማለትም ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ አልወጣለትም። ካልለቀቀና መስታወቱ ራሱ የደፈረሰ ከመሰለ ግን ተበልቷል፤ እሱ ወደ ነበረበት አይመለስም። የሚገርመው ይሄኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውሃው ከልክ በላይ ሲለሰልስ፣ ሳሙናው ሲበዛና ሙቀቱ ከፍ ሲል ነው። የማለስለሻውን (ማሽኑ ውስጥ ውሃ የሚያለሰልሰውን ክፍል) ቁጥር ዝቅ አድርጉ፣ ሳሙናና ሙቀትም ቀንሱ።

ኖራ ከሆነስ? ማሽኑ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። ውሃው በእነሱ ሲያልፍ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ እዚያው ይያዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቀቃል። ሬዚኑ ሲጠግብ ማሽኑ ጨዋማ ውሃ ያሳልፍበታል፣ የተያዘው ሁሉ በፍሳሹ ይሄዳል። ጨው ሥራው ይሄው ብቻ ነው፣ ሳህን አያጥብም። ስለዚህ ኖራ ካያችሁ ወይ ጨው አልቋል ወይ ቁጥሩ ከውሃችሁ ያነሰ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ማሽኑ ከፋብሪካ በመጣበት ቁጥር ዓመታት ይሠራል። ውሃችሁ ምን ያህል ማዕድን እንዳለው በመመርመሪያ ወረቀት ለኩና ማኑዋሉ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ። የጀርመን ዲግሪ የሚል ካገኛችሁ፣ 1 ዲግሪ ማለት በሊትር ወደ 17.8 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ጨው ሞልታችሁ ጨው አለቀ የሚለው መብራት አልጠፋ ካለ አትደንግጡ። ጨው ሟሙቶ መብራቱ እስኪጠፋ ጥቂት እጥበት ሊወስድ ይችላል። ካልሆነ ጨው ተጋግሮ ሊሆን ይችላል፤ በማንኪያ እጀታ ቀስ ብላችሁ አማስሉት። ደግሞ ማሽኑ አዲስ ከሆነ ከጨው በፊት የጨው ማስቀመጫው ቋት ውሃ መሞላት አለበት፤ ይሄ የመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ነው። ጨው ስትጨምሩ ውሃ ከአፉ ቢፈስ ጤነኛ ነው።

ሳህኑ ጨው ጨው ካለ ወይም ጨው ቶሎ ቶሎ ካለቀ የጨው ቋቱን ክዳን እዩ። ጥርሱ ላይ የቀረ እህል የምታህል ጨው ወይም የደከመ ጎሚኒ በቂ ነው። ጠርጉት፣ አጥብቁት። ክዳኑ ደህና ሆኖ ጨው ከበላ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ከሞላችሁ በኋላ ደግሞ ወዲያው እጥበት አስነሱ፤ ታች የፈሰሰ ጨው ካደረ አይዝጌውን ብረት ሳይቀር ይበላዋል።

የወጥ ጨው ይሆናል ወይ? አይሆንም። ደቃቅ ስለሆነ ይጋገራል፣ አዮዲንና እንዳይጋገር የሚጨመሩ ነገሮችም አሉበት፣ አንዳንዱ ውስጥ ማግኒዥየም ካርቦኔት ሁሉ ይገባል፤ ልታስወግዱ የፈለጋችሁትን ማለት ነው! ለማሽኑ የተሠራውን ሻካራውን ግዙ። ሁሉን በአንድ የሚሉት ታብሌቶች መጠነኛ ማዕድን ላለው ውሃ ይበቃሉ። ብዙ ማዕድን ላለው ውሃ ግን ጨው የግድ ነው።

ቋቱ ውስጥ በስህተት ሳሙና ከገባ ማሽኑን አታስነሱት። ሬዚኑ ይበላሻል። ባለሙያ ጥሩ።

ጨውም አልቀነሰ፣ መብራቱም በርቶ አያውቅ? የታችኛውን መደርደሪያ አውጡና ወለሉ ላይ የሚዞር ክዳን ፈልጉ። ከሌለ ማሽኑ ማለስለሻ ላይኖረው ይችላል፤ ማኑዋሉን ሳታዩ ጨው አትግዙ።