በራሪ ወረቀትህ የኦቾሎኒ መጠቅለያ እንዳይሆን

ባለፈው ድሬዳዋ፣ ከፊራ የሚባለው ገበያ ኦቾሎኒ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው እኔው የሠራሁት በራሪ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ስለ ደንጊ ትኩሳት ነበር። ሳቄ መጣ። ግን መልሼ ሳየው በሻጯ አልፈረድኩም፤ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ታጭቆበታል፣ ሦስት ሎጎ አለው፣ ዳር ዳሩን ደግሞ አበባ።

ሪቻርድ ማየር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰው ከቃልና ከሥዕል እንዴት እንደሚማር ለዓመታት አጥንቷል። ብዙ ዲዛይነር መርሆቹን የቪዲዮ ብቻ ያደርጋቸዋል። ቀደም ካሉት ሙከራዎቹ ውስጥ ግን የመኪና ፍሬን አሠራርን በወረቀት፣ በጽሑፍና በሥዕል ያቀረበባቸው አሉ።

መጀመሪያ አንባቢው ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ ወስን። የእኔው ጉዳይ በርሜል ነበር። የደንጊ ትንኝ የምትራባው በተጠራቀመ ውሃ ነው፤ እንቁላሏ ከውሃው ከፍ ብሎ ዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ደግሞ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ በሳምንት አንዴ መፈግፈግ አለበት። ለዚህ የማይጠቅመውን ሁሉ አውጣ። አበባውን፣ የመግቢያ ንግግሩን፣ የቢሮውን ታሪክ።

ቀጥሎ ቃሉን ሥዕሉ ላይ አምጣው። ትልቁ ጥፋቴ እዚህ ነበር። በርሜሉ ከላይ፣ ማብራሪያው ከታች፣ መሃል ላይ «ምስል 1ን ይመልከቱ»። በገበያ ግርግር ማን ዓይኑን ያመላልሳል? አሁን ብሩሹ የነካበት ቦታ አጠገብ «እዚህ ጋ ፈግፍግ» ብቻ ብዬ ጽፌያለሁ። ሥራውንም በሦስት ሳጥን ከፈልኩት፦ ድፋ፣ ፈግፍግ፣ ክደን።

ፊደላችን ካፒታል ስለሌለው አጉልተህ የምታሳየው በውፍረት፣ በመጠን ወይም በአንድ ደማቅ ቀለም ነው። በአንዱ፣ በሁሉም አይደለም! ፊደል አትለጥጥ፤ አታቅጥነውም፤ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፣ እሷ ከጠፋች አለቀ።

ማየር የወዳጅ ጨዋታ የሚመስል አነጋገር ከመጽሐፍ ቋንቋ ይሻላል ይላል። ድሬ ላይ ይሄ ሳይነገረንም እናውቀዋለን፣ አንቱ መባባል የት ያውቀናል? «ነዋሪዎች እንዲያጸዱ ይመከራሉ» የሚለውን «በርሜልህን ፈግፍግ» በለው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛን አንድ ገጽ ላይ አታጣብቅ፤ ሥዕሉን እንዳለ ይዘህ ለየብቻ አሳትም።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄድ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርገው፣ አለዚያ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይጠብቅሃል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅጂ በጥቁርና ነጭ አውጣና ለማታውቀው ሰው አምስት ሰከንድ አሳይተህ ንጠቀው። እኔ ለባጃጅ ሹፌር አሳየሁት።

«ምን አድርግ ይልሃል?» አልኩት።

«በርሜሉን ልፈግፍግ ነዋ!» አለኝና መንገዱን ቀጠለ። የዚያኑ ቀን ለኅትመት ሰጠሁት።