የጀርባ አጥንቱን ተዉት፦ ለውጭ ትምህርት የሚያመለክቱ የግብርና ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለነፃ የትምህርት ዕድል የሚልከውን የማመልከቻ ደብዳቤ እንድመለከትለት ላከልኝ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩና ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። «ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» ይላል። የሚከተለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አብዛኛው ሕዝብ በግብርና እንደሚተዳደር፣ ከዚያ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ከዚያ የሕዝብ ቁጥር መጨመር፣ በመጨረሻም «በታዋቂው ዩኒቨርሲቲያችሁ ተምሬ አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ»።

ይህች ዓረፍተ ነገር የሴሚናር ወረቀታችን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንና የፕሮጀክት ሐሳባችን ሁሉ መክፈቻ ሆና ኖራለች። እኛ መምህራኑም ስትጽፏት ዝም ብለን አርመን አልፈናልና ጥፋቱ የጋራ ነው። ግን ደብዳቤውን የሚያነበውን ሰው አስቡት። ጀርመን ሆሄንሃይም ወይም ኔዘርላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ከኢትዮጵያ፣ ከማላዊ፣ ከኔፓልና ከኡጋንዳ የመጡ ማመልከቻዎችን ከፊቱ ከምሯል። የሁሉም አገር ግብርና የጀርባ አጥንት ነው። ስማችሁን ፍቆ የጎረቤታችሁን ስም ቢጽፍበት ደብዳቤው አንድም ነገር አይጎድልበትም።

ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። እሷም በጀርባ አጥንቱ ጀምራ ስለ ምግብ ዋስትና ሁለት ገጽ ሞልታ አመጣችልኝ።

«ቤተሰቦችሽ ምን ያርሳሉ?» አልኳት።

«ባቄላና ገብስ ነበር። አሁን ባቄላውን ትተውታል።»

«ለምን?»

«ቆርምድ ገባበታ።»

ከዚያ ሳላቋርጣት አወራችኝ። ቆርምድ የባቄላ በሽታ ነው፤ መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ እብጠት ይወጣል፤ ቅጠሉ ይቆረምዳል፤ እብጠቱ ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል፤ ተክሉም ይቀጭጫል። አባቷ የውርጭ ጉዳት መስሏቸው አንድ ዓመት ታገሡ። በሁለተኛው ዓመት ከዘሩት ያጨዱት አነሰ። ባቄላው ከቀረ ወዲህ ገብስ በገብስ ላይ ስለሚዘራ መሬቱ ደክሟል፤ ናይትሮጅን የሚመልስለት ጥራጥሬ የለውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ፣ በር ላይ ቆማ ነው።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ይህማ የቤታችን ጉዳይ ነው እኮ፣ መምህር።»

ከአንድ ሳምንት በኋላ ይዛው የመጣችው ደብዳቤ «አባቴ ባቄላ መዝራት ያቆሙት እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው» ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቦታ አልተቀበላትም። ሁለተኛው ለቃለ መጠይቅ ጠራት፤ ከሃያ ደቂቃው አሥራ አምስቱን ስለ ቆርምድ ጠየቋት። ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ፦ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ከዓለማያ (ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) እ.ኤ.አ. በ1973 ተመርቀው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሥራቸው ነው። አቀንጭራን፣ ያን የማሽላ ሥር የሚጠባ ጥገኛ አረም፣ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተም «የቤታችን ጉዳይ» ብላችሁ የምትደብቁት አንድ አቀንጭራ አይጠፋችሁም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት በወረዳ ሥራ ማፈር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሞተር ሳይክል ቀበሌ ለቀበሌ የዞረ ልጅ የሥራ ታሪኩ ላይ «የግብርና አማካሪ» ብሎ ይጽፋል። የልማት ሠራተኛ ነበርኩ ማለት ያሳፍረዋል። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳድ) ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ዕድል ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከ6 ዓመት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ስለዚህ በተመረቃችሁ በወሩ ለዚህ ዕድል ማመልከት ድካም ብቻ ነው። ወረዳ የሠራችሁበት ጊዜ ግን ንብረታችሁ ነው። አሲዳማ አፈርን ለማከም የመጣው ኖራ ለምን በየገበሬው ጣሪያ ሥር በጆንያ እንደቀረ፣ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገውን ብዙ ኩንታል በአህያ ማመላለስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፕሮፌሰሩ ይህን ከመጽሐፍ አያገኘውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በዓመት ቢያንስ ሁለት ልጅ የሚጥለው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አንዱን ልንገራችሁ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ተመርቆ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ተቀጠረ። ዲፕሎማው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 2018 ተብሏል፤ ትክክል ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃው ግን በአማርኛ የተጻፈ ስለነበር ለትርጉም ሰጠው። ተርጓሚው ጥቅምትን ኦክቶበር አለና 2011ን እንዳለ ተወው። ልጁም ሳያነብ ላከው። ከመመረቁ ሰባት ዓመት ገደማ ቀድሞ በባለሙያነት የተቀጠረ ሰው ሆኖ ቀረበ። ማንም ደውሎ «ይህ እንዴት ነው?» አላለውም። በሐሰተኛ ሰነድ ተጠርጥሮ ወደቀ። እያንዳንዱን ወረቀት ቀን በቀን አስተያዩ።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። ፀጋዬ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ቁጠሩ። ፓስፖርቱ አንድ፣ ትራንስክሪፕቱ ሌላ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት ሦስተኛ ከሆነ ሦስት ሰው ሆናችኋል። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጋችሁ ሌላውን አስተካክሉ፤ የአያት ስም የሚገባበትን ሣጥንም በየጊዜው አትቀያይሩ።

ሰዓትም አለ። በሚያዝያ ለአውሮፓ ቃለ መጠይቅ የተጠራች ጎበዝ ልጅ፣ ደብዳቤው ጠዋት 10፡00 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ስላለ፣ በእኛ 10 ሰዓት ልብሷን አሳምራ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጠች። ቃለ መጠይቁ ካለፈ አምስት ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ጊዜው በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። እነሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚያዘገዩ ያው 10፡00 በጥር ቢሆን ኖሮ የእኛ ቀትር 6 ሰዓት ይሆናል። ወረቀት ላይ አስሉትና በአማርኛ አቆጣጠር ጻፉት።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ራሴን እከሳለሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ «ራስህ ጽፈህ አምጣው፤ እፈርማለሁ» እል ነበር። ብዙዎቻችን እንላለን። አንድ ጊዜ ተማሪው ለእኔም ለባልደረባዬም ያንኑ ጽፎ፣ ሁለታችንም ሳናነብ ፈርመን ላክን። ታታሪ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሁለቱም ደብዳቤዎች ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ነበረበት። አስመራጮቹ በትሕትና ጽፈው ጠየቁን። ከዚያ ወዲህ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ግን ቀነ ገደቡ ነገ ማታ ነው ብሎ የሚመጣ ተማሪ ያኔ የነበረውን መምህር መልሶ ከእኔ ያወጣዋል። ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ኑ። የመመረቂያ ሥራችሁን፣ የሠራችሁበትን ማሳ፣ የተሳሳታችሁትን ሳይቀር አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ስማችሁን ከመቶ ተማሪ መካከል ላስታውስ የምችለው በዚያ ነው። መምህሩ ደብዳቤውን የሚልከው ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል መሆኑንም አረጋግጡ።

ለደላላ ገንዘብ አትክፈሉ። ለአርባ ፕሮፌሰር አንድ ኢሜይል በጅምላ አትላኩ፤ አርባዎቹም ያውቁታል።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስወጣትን ለማመልከቻው ሳምንት አታቆዩት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ የወጪ መጋራት ዕዳችሁ ሳይዘጋ አይወጣላችሁም፤ ክፍያው፣ የገቢዎች ማስረጃው፣ የሬጅስትራሩ ወረፋ እያለ ይቀጥላል።

ሌላው አገር መርጦ ትምህርቱን መርሳት ነው። «አውሮፓ ከሆነ የትም ይሁን» የሚል ተማሪ ወደ አንዱ ይሄድና የመስታወት ቤት ቲማቲም አጥንቶ ይመለሳል። በአውሮፓ ኅብረቱ የነፃ ትምህርት ዕድል በኢራስመስ ሙንዱስ ሥር በሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች የሚማሩባቸው የግብርና ማስተርሶች አሉ፤ ለምሳሌ የቤልጂየሙ ጌንት የሚያስተባብረው የገጠር ልማት። ቻይና ያንግሊንግ ለሚገኘው የግብርና ዩኒቨርሲቲ የምታመለክቱ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሁን በቻይንኛ አስቀድማችሁ እዩ። በቻይንኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ለቋንቋ ይጨመራል። በእስራኤል ዓረቫ በረሃ የሚሰጠውን አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሥልጠና ዲግሪ አድርጎ የሚቆጥርም አይቻለሁ። አብዛኛው ሳምንት እርሻ ላይ የሚሠራበት፣ በቀረው የሚማሩበት ነው። ጠብታ መስኖን በእጅ ለመልመድ እንደዚያ ያለ ቦታ ጥቂት ነው፤ ማስተርስ ግን አይደለም። ፒኤችዲ በዕፅዋት ማዳቀል ለሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በጋና ዩኒቨርሲቲ የምዕራብ አፍሪካ የሰብል ማሻሻያ ማዕከል አለ። ጋና ስላችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ አያለሁ። ማሽላና በቆሎ የሚዳቀለው በአውሮፓ በረዶ ላይ አይደለም።

የመጨረሻው የእኔ የራሴ ነው። ወደ አውሮፓ ስሄድ ሦስት ዓይነት የጤፍ ዘር በላስቲክ አስሬ፣ ካልሲ ውስጥ ከትቼ በሻንጣ ወሰድኩ። ለብቅለት ሙከራ ይሆነኛል ብዬ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ማንም አልጠየቀኝም። አማካሪዬ ግን ላስቲኮቹን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አልነካቸውም። «ወረቀቱስ?» አለኝ። የትኛው ወረቀት ብዬ ቆምኩ። የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት የለኝም፤ ከብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ፈቃድ አልያዝኩም። ያለ ፈቃድ በወጣ ዘር የተሠራ ምርምር ለኅትመት እንደማይቀርብ አስረዳኝ። ላስቲኮቹን ላብራቶሪው ማምከኛ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ዳቦ የሚመስል ሽታ ወጣ።

ያኔ ተናድጄ ነበር። ቆይቶ ግን ጤፍ በኔዘርላንድ ምን እንደገጠመው አነበብኩ። አንድ የደች ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የወሰደውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ነው። ለዓመታት ስንጮህበት የኖርነውን ነገር እኔ በካልሲ እያወጣሁ ነበር። የጄኔቲክ ሀብት ማግኛ አዋጁ 482/1998 ይባላል፤ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡት። አፈርም ቢሆን በፌስታል አይወሰድም።

ሽሮና በርበሬ ያዙ። ንጥር ቅቤውን ለእናታችሁ መልሱላቸው፤ የወተት ውጤት በግል ሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። የኢራስመስ ሙንዱስ ድጎማ በወር 1,400 ዩሮ ነው ብላችሁ ባዶ ኪስ አትሂዱ፤ የባንክ ሒሳብ እስክትከፍቱ የመጀመሪያው ክፍያ ይዘገያል፤ አከራዩ ደግሞ የወር ኪራይና መያዣ በአንድ ላይ ይጠይቃል። ሽሮው ለዚያ ወር ነው።