ከሕክምናው ባሻገር፦ አዲስ ሐኪም ራሱን እንዴት ይጠብቅ?

ተመርቆ ወደ ወረዳ ሆስፒታል የሚመደብ ጠቅላላ ሐኪም፣ ከሕሙማኑ ሌላ የሚጠብቁትን ሸክሞች አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። በመጀመሪያ የአዳር ተረኝነቱን ከባልደረቦቹ ጋር በጽሑፍ ይስማማ፤ ከአዳር በኋላ ያለውን ዕረፍትም የሥራው አካል አድርጎ ይቁጠረው፤ እንቅልፍ ያጣ ሐኪም የመድኃኒት መጠን ሊሳሳት ይችላልና።

ከሁሉ የሚከብደው ሞት ነው። አንዲት እናት በወሊድ ላይ ስታርፍ ሐኪሙ መርዶውን ራሱ ይንገር፤ ነገር ግን በኮሪደር ቆሞ ሳይሆን ቤተሰቡን ጸጥ ወዳለ ክፍል አስገብቶ፣ የሚያጽናና ሽማግሌ ወይም የቅርብ ዘመድ መኖሩን አረጋግጦ፣ በማያሻማ ቃል ይሁን። በዚያው ቀን ከአዋላጆቹና ከነርሶቹ ጋር ተቀምጦ ጥፋተኛ ሳይፈልግ ስለሆነው ነገር ይነጋገር። እኔ አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው፤ ሐዘኑን ብቻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሐኪም ውሎ አድሮ ልቡ ይደነዝዛልና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ የሥራ መታከትን በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራ በስሜት መራቅ ወይም ሥራን መጥላት፣ የውጤታማነት መቀነስ። እነዚህን በራሱ ላይ ያየ ሐኪም ለራሱ መድኃኒት ከማዘዝ ተቆጥቦ ሌላ ሐኪም ያማክር። ሐኪሞች ስለ ሙያቸው የሚገቡት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የጄኔቫ ቃለ መሐላም ሐኪሙ የራሱን ጤና እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ስለዚህ እርዳታ መጠየቅ ሊያሳፍር አይገባም።

የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የሚያስፈልጉትን የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና የምስክር ወረቀቶች ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በአንድ ማኅደር ያስቀምጥ።